የአፈር ላቦራቶሪዎቻችንስ ማን ይመርምራቸው?

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ አሲዳማ አፈር ስናወራ ሁሌም አሲዱን ስለሚቀንሰው ኖራ ነው። ላቦራቶሪውን የሚያነሳ የለም። ከአንድ ማሳ የወሰድነውን አፈር በደንብ ደባልቀን፣ ለሁለት ከፍለን ሁለት ቦታ አስመረመርን። አንዱ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 4.9፣ ሌላው 5.8 አለን። ገበሬው የትኛውን ይመን? በአንዱ ከሄደ ኖራ ይገዛል፣ በሌላው ከሄደ ይተዋል። ገንዘቡ የሱ ነው፣ ምርቱም የሱ።

የውጤት ወረቀቱ አፈሩ በውሃ ተበጥብጦ ይለካ ወይስ ካልሲየም ክሎራይድ በተባለ ጨው ሙሙት አይናገርም። በካልሲየም ክሎራይድ ሲለካ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ዘዴው መጻፍ አለበት። በየምርመራው ዙርም ውጤቱ ቀድሞ የታወቀ አፈር ከናሙናዎቹ መሀል ይግባ። እሱ ከሳተ ሥራው በሙሉ ይደገም። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ግብርና ቢሮዎች ናሙና ከመላካቸው በፊት ላቦራቶሪውን የዚህን ቁጥጥር መዝገብ አሳዩን ይበሉ።

አንድ የግብርና ባለሙያ