ያቺ ኬብልህ

ይድረስ ለጠፋኸው ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? እኛ ሁላችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ይኸው ተጠፋፍተን ሁለት ዓመት አለፈን። ጥፋቱ የኔ ነው። ስንፍና ነው እንጂ ኩርፊያ አይደለም።

ዛሬ እንድጽፍ ያስነሳችኝ ያቺ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር የምታገናኘዋ ኬብል ናት። አንዱ ጫፏ ላይ ብርቱካናማውንና አረንጓዴውን ገመድ አቀያይረህ፣ በጥርስህ እየላጥክ የሠራሃት። የናንተን ቤት ኢንተርኔት በአጥር አሻግረን ስንካፈል፣ ስልክ የሚደውል ሰው በመጣ ቁጥር ይቋረጥብን እንደነበር ትዝ ይልሃል?

ዴስክቶፑ አሁንም ሳሎን አለልህ፤ እማዬ ዳንቴል አልብሳዋለች። ቅዳሜ ዕለት አባባ «ኢንተርኔት አስገባልኝ» አሉኝ። ዶንግሉን (ያችን ኢንተርኔት የምታስገባ ትንሽ መሰኪያ) ዊንዶውስ 7 ያለበት ላፕቶፔ ላይ ሰካሁ፣ ኢንተርኔቱን ሼር አደረግኩ፣ ላፕቶፑንና ዴስክቶፑን በኬብልህ አገናኘኋቸው። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። ኢንተርኔት ግን ወይ ፍንክች!

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኬብልህን ነው፣ ይቅር በለኝ። ቀጥዬ ፋየርዎሉን፣ ያንን የኮምፒውተር ዘበኛ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ቡናው በረካ ደረሰ፣ እኔ አሁንም ወለል ላይ ነኝ። በመጨረሻ ዴስክቶፑ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ የኔትወርክ አድራሻውን ባይ 192.168.0.2 ይላል። ያንተ ሥራ! ያኔ ሼር የሚያደርገው ያንተ ኤክስፒ (የድሮው ዊንዶውስ) ራሱን 192.168.0.1 ስለሚያደርግ፣ ለዚህኛው ለሳሎኑ በእጅህ ሞልተህለት ነበር። ዊንዶውስ 7 ግን ራሱን 192.168.137.1 ነው የሚያደርገው። ሰፈራቸው ለየቅል ሆኖ በምን ይገናኙ? በ169.254 የሚጀምር ቢሆን ኖሮ አድራሻ የሰጠው እንደሌለ ወዲያው ይገባኝ ነበር። ያንተ ቁጥር ጤነኛ መስሎ ሸወደኝ። ቁጥርህን አጥፍቼ ዴስክቶፑ አድራሻ ራሱ እንዲቀበል ሳደርገው በ137 ሰፈር ገባ።

በዚህም አላበቃም። ፒንግ (አለህ ወይ ብሎ መጠየቂያው) ይመልሳል፣ ገጾቹ ግን ማስጠንቀቂያ እያወጡ እምቢ አሉ። ለካ የኮምፒውተሩ ቀን ያለው እ.ኤ.አ. 2002 ላይ ነው! ቀኑ ከተሳሳተ ደግሞ የገጾቹን ማረጋገጫ አያምንም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች። ቀኑን ሳስተካክል አንዳንዱ ተከፈተ፤ ብዙው ግን እዚህም ማሽን ላይ ያለውን ኤክስፒ ከነጭራሹ አይቀበልም። የባንክ ነገር በዚያ ማሽን እንዳይነኩ አባባን ለምኛቸዋለሁ። ኤክስፒ እኮ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የደህንነት ማሻሻያ ቆሞበታል።

አባባ ታሪኩን ሲሰሙ «ታዲያ ያበላሸው ያ ልጅ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ሰላም በልልኝ ብለውሃል። ከኬብልህ የተጠቀምኩት ሁለት ሜትር ያህል ነው፤ የቀረው ሶፋው ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ያው ወንድምህ