ክሉዥ ለምትማረው ልጄ፦ ስለ ኢራስመስ ማመልከቻሽ

ውድ ልጄ ማኅሌት፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የላክሽውን ደብዳቤ ከእናትሽ ጋር ደጋግመን አነበብነው። በሁለተኛው ዓመት የባዮሎጂ ትምህርትሽ አንዱን ሴሚስተር ኢራስመስ በተባለው የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ መርሐ ግብር ወደ ጀርመኗ ድሬስደን ወይም ወደ ስሎቬንያዋ ሉብልያና ሄደሽ ለመማር ማሰብሽን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ያልተቀበልሁት ያቀረብሽውን ምክንያት ነው። «ክሉዥ ለእኔ መሸጋገሪያ ናት፤ ዋናው አውሮፓ ከዚያ ወዲያ ነው» ብለሻል። ይህን አሳብ ይዘሽ ማመልከቻ እንድታስገቢ ስለማልፈልግ፣ ሮማኒያ ውስጥ የምትማሪበት የክሉዡ ባቤሽ-ቦያይ ዩኒቨርሲቲ ከሌላው ዓለም ጋር በምን መንገድ እንደተሳሰረ የማውቀውን ልጽፍልሽ ወደድሁ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

እኔ እዚያው ክሉዥ ኬሚስትሪ በተማርሁበት በኮሚኒስቱ መሪ በቻውሼስኩ ዘመን የውጭ አገር ተማሪ አልጠፋም ነበር፤ ከአፍሪካም ከዐረብ አገሮችም የመጣን ብዙዎች ነበርን። ይሁን እንጂ አንድ የሮማኒያ ዜጋ ከውጭ አገር ሰው ጋር ያደረገውን ንግግር ለባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ሕግ ያስገድደው ስለነበር፣ በላቦራቶሪ ጎን ለጎን ቆመን የምንሠራ የክፍል ጓደኞቻችን ከትምህርቱ ውጭ ሲያነጋግሩን ዙሪያቸውን ይቃኙ ነበር። የጽሕፈት መኪና ያለው ሰው እንኳ መኪናውን ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ ነበረበት። የውጭ ተማሪ ተቀብሎ ማስተማር ብቻውን ትብብር እንደማይባል የተረዳሁት ያኔ ነው። ዛሬ አንቺ በዚያው ግቢ ከመምህራንሽ ጋር ያለ ፍርሃት ስትከራከሪ፣ ያ በቀላሉ የመጣ ነገር እንዳይመስልሽ።

የዩኒቨርሲቲው ታሪክ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የፖላንድ ንጉሥና የትራንሲልቫንያ (ክሉዥ ያለችበት ግዛት) ልዑል የነበረው ስቴፋን ባቶሪ በ1581 ያቋቋመው፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ኮሌጅ ነው፤ እኛም አገር ኢየሱሳውያን በፍሬሞና የነበሩበት ዘመን ነው። በ1872 በከተማዋ የሃንጋሪኛ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 የሮማንኛ ሆነ። በ1940 ሰሜን ትራንሲልቫንያ ለሃንጋሪ ሲሰጥ የሮማኒያው ዩኒቨርሲቲ ሲቢዩና ቲሚሾዋራ ወደተባሉት የሮማኒያ ከተሞች ተሰደደ፣ የሃንጋሪው ደግሞ ወደ ክሉዥ ተመለሰ። ከ1945 ጀምሮ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዲት ከተማ ጎን ለጎን ሲሠሩ ቆይተው በ1959 በመንግሥት ትእዛዝ ተዋሐዱ፤ ስሙም የሮማኒያዊውን የባክቴሪያ ሊቅ የቪክቶር ባቤሽንና የክሉዥ ተወላጅ የሆነውን የሃንጋሪ የሒሳብ ሊቅ የያኖሽ ቦያይን ስም አጣምሮ ያዘ። ውሕደቱ በፈቃድ የተደረገ አልነበረም፤ ከሃንጋሪኛ ተናጋሪ መምህራን መካከል በዚያ ጫና ራሳቸውን ያጠፉም ነበሩ። ዛሬ በሮማንኛ፣ በሃንጋሪኛና በጀርመንኛ ሙሉ የትምህርት መርሐ ግብሮች የሚሰጡት በ1989 የቻውሼስኩ አገዛዝ ከወደቀ በኋላ ብዙ ድርድር ተደርጎ ነው። ሃንጋሪኛ ተናጋሪዎቹ የራሳችን ዩኒቨርሲቲ ይሰጠን ማለታቸውን አላቆሙም፣ ጥያቄውም ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም አንድ ሴኔት ሦስት የማስተማሪያ ቋንቋዎችን ይዞ እየተከራከረ መኖሩን እኔ እንደ ትልቅ ሥራ አየዋለሁ። የውጭው ትብብር የቆመው በዚህ የውስጥ ልምድ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደግሞ አንቺ የባዮሎጂ ተማሪ ስለሆንሽ ኤሚል ራኮቪጻን ልታውቂው ይገባል። በ1897 ቤልጂካ በተባለችው መርከብ ወደ አንታርክቲካ ከዘመቱት አንዱ ነበር፤ በኋላ ፈረንሳይ አገር ሲሠራ የዋሻ ውስጥ ፍጥረታትን ጥናት ራሱን የቻለ የሳይንስ ዘርፍ እንዲሆን መሠረት ጣለ። ወደ ክሉዥ ተጠርቶ ሲመጣ በ1920 በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን የዋሻ ጥናት ተቋም አቋቋመ፤ ብቻውንም አልመጣም፤ ፈረንሳዊውን ረኔ ዣኔልን ይዞ መጣ፣ ስዊዘርላንዳዊው ፒየር-አልፍሬድ ሻፒዊም ተቀላቀላቸው። ከዚህ በታች ከማነሣው ከቦሎኛው ስምምነት ሰማንያ ዓመት ገደማ በፊት፣ ክሬዲት ማስተላለፍ የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ ከሦስት አገር የመጡ ሰዎች በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ክሉዥ ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። ለእኛ የበለጠ የሚቀርበን ደግሞ ይህ ነው፦ ዣኔልና ሻፒዊ በ1932 እና በ1933 ካሚል አራምቡር ከተባለው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ጋር ወደ ኦሞ ሸለቆ በተላከው የፈረንሳይ ሳይንሳዊ ጉዞ ተካፍለዋል። የክሉዥን የምርምር ታሪክ ስትከተዪ አገርሽ ደቡብ ድረስ ትመጫለሽ ማለት ነው። እንዲህ ያለች ከተማ የምን መሸጋገሪያ ትባላለች?

አሁን አንቺ ወደምትገቢበት ሥርዓት ልምጣ። ሰኔ 19 ቀን 1999 በቦሎኛ ከተማ የ29 አገሮች ተወካዮች የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓታቸውን ለማቀራረብ የጋራ መግለጫ ሲፈርሙ፣ በሮማኒያ ስም የፈረመው የትምህርት ሚኒስትሩ አንድሬ ማርጋ ነበር፤ እርሱም ከ1993 ጀምሮ የባቤሽ-ቦያይ ሬክተር (የበላይ ኃላፊ) የነበረ፣ ሦስቱን የትምህርት ቋንቋዎች በማደራጀት ረገድ ዋናውን ሚና ከተጫወቱት አንዱ ነው። ሮማኒያ በ2004 ባወጣችው ሕግ በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪን ሦስት፣ ማስተርስን ሁለት፣ ዶክትሬትን ሦስት ዓመት አድርጋ ደለደለች፤ አንዱ የትምህርት ዓመትም 60 ክሬዲት ሆነ። ኢሲቲኤስ የሚሉትን ይህን የአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ እኛም አገር የሞዱላር ሥርዓት ሲመጣ በየኮርሱ ትይዩ ጽፈነዋል፤ እኔም ለዓመታት አስተምሬበታለሁ። ቁጥሩ ተማሪው ስንት ሰዓት እንደሠራ ይናገራል። ጉልበት የሚያገኘው ግን በሌላ አገር ያለ አንድ ዲፓርትመንት ያንን ቁጥር አይቶ «ይህን ተምራለች፣ አትድገመው» ብሎ ሲቀበል ነው፤ ያ መተማመን የሚገነባው መምህራን ሲመላለሱ፣ የኮርስ ይዘት ሲለዋወጡ፣ የላኳቸው ተማሪዎችም በደንብ ሠርተው ሲገኙ ነው። ይህን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። አንቺ ሉብልያና ብትሄጂ የምታመጪው ውጤት ከአንቺ በኋላ ከክሉዥ የሚመጣው ተማሪ እንዴት እንደሚታይ ይወስናል።

ከሁለቱ ከተሞች የመረጥሁልሽ ሉብልያናን ነው። ሁለቱም የባቤሽ-ቦያይ የጥምረት ባልደረቦች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲሽ በ2021 ዩቶፒያ የተባለውን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ጥምረት ሲቀላቀል የብራስልስ፣ የጎተንበርግ፣ የባርሴሎና፣ የፓሪሱ ሰርዢ፣ የዋሪክና የሉብልያና ዩኒቨርሲቲዎች ቀድመው ነበሩ፤ የቬኒስ፣ የሊዝበንና የድሬስደን ደግሞ ከእርሱ ጋር ገቡ። ድሬስደን በምህንድስናና በቴክኖሎጂ የታወቀ ነው፤ ስሎቬንያ ግን የኖራ ድንጋይ ዋሻ አገር ናት፣ የመጀመሪያው የዋሻ ጥንዚዛ ለሳይንስ የታወቀውም ከፖስቶይና ዋሻ ነው። ክሉዥ የጀመርሽው ትምህርት እዚያ ይቀጥላል፤ ለአንድ ሴሚስተር ብለሽ ከሌላ ዘርፍ ኮርስ ለቃቅመሽ አትመለሺም።

ለርኒንግ አግሪመንት የሚሉትን የትምህርት ስምምነት ሰነድ አንቺ፣ ክሉዥና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሦስታችሁም ሳትፈርሙበት እንዳትነሺ። በሴሚስተሩ 30 ክሬዲት የሚሞሉት ኮርሶች ክሉዥ ካሉት በየትኞቹ እንደሚተኩ በስም ይጻፍ፤ አንድ ኮርስ ቢሰረዝብሽም ለውጡን ወዲያው አስፈርሚ። ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አትከፍዪም፤ የምትከፍዪ ከሆነ የምትከፍዪው ለክሉዥ ብቻ ነው። ሮማኒያ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሼንገን (የጋራ ድንበራቸውን ያለ ፍተሻ የከፈቱ የአውሮፓ አገሮች) ሙሉ አባል መሆኗ ያለ ጥርጥር ቢጠቅምሽም፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ በሌላ አገር ለአጭር ጊዜ ከሚፈቀደው 90 ቀን በላይ በራሱ አያስኬድሽም። የአውሮፓ ኅብረት የ2016ቱ መመሪያ በኅብረቱ የልውውጥ መርሐ ግብር ውስጥ ያለ የውጭ ዜጋ ተማሪ እስከ 360 ቀን በሌላ አባል አገር እንዲማር መንገድ ከፍቷል፤ ማሳወቂያውን ማን፣ ለየትኛው መሥሪያ ቤት፣ መቼ እንደሚያስገባ ግን ቀደም ብለሽ የዓለም አቀፍ ትብብር ማዕከሉን በጽሑፍ ጠይቂ። በቃል የተነገረሽን አትመኚ።

ልጄ፣ የሮማኒያ ወጣቶች ራሳቸው ወደ ምዕራብ እየሄዱ መቅረታቸውን እዚያ ሆነሽ ሳታዪው አትቀሪም። አገሪቱ በ2007 ኅብረቱን ከተቀላቀለች በኋላ ብዙ ሐኪሞቿ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ጀርመንና ወደ እንግሊዝ ሄደዋል፤ ያስተማረቻቸው እርሷ ናት። የተሻለ ኑሮ የፈለገን ሰው አልወቅስም፣ ኢትዮጵያዊ ሆኜ እንዴት ልወቅስ እችላለሁ? ነገር ግን የልውውጥ ሥርዓቱ የተሠራው ሄዶ ለመመለስ ነው። ሁሉም ለመቅረት የሚሄድ ከሆነ ልውውጥነቱ ይቀርና ክሉዥ ለሌሎች ተማሪ አዘጋጅታ የምታስረክብ ትሆናለች። እኔ እንድትመለሺ የምፈልገው ነጻ የትምህርት ዕድል ለሰጠችሽ አገር ብቻ ብዬ አይደለም፤ የመመረቂያ ጥናትሽን ሁለት ዓመት በሚያውቁሽ መምህራን ፊት መሥራት ይበልጥ ስለሚጠቅምሽም ነው።

አንድ ሌላ ነገር አስቢበት። ኢራስመስ የሚያገለግለው ለአውሮፓ አገሮች ብቻ አይደለም፤ ከአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተማሪና መምህር የሚለዋወጡበት ክፍልም አለው፣ ኢትዮጵያም ከሚሳተፉት አገሮች አንዷ ናት። ማመልከቻውን የሚያቀርበው የአውሮፓው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ማቅረብ የሚችለው ደግሞ በዚህ በኩል የሚያውቀውና የሚያምነው ዲፓርትመንት ሲኖረው ነው። ባሌ ውስጥ ሶፍ ዑመርን የመሰለ ታላቅ ዋሻ አለን። የክሉዥ የዋሻ ባዮሎጂ መምህራንሽ ስለ ሶፍ ዑመር ምን እንደሚያውቁ፣ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ጋር አብሮ የመሥራት ፍላጎት ያለው መምህር በመካከላቸው መኖር አለመኖሩን ጠይቂልኝ። እኔም እዚህ የባዮሎጂ ባልደረቦቼን አነጋግራለሁ።

የኮርሶቹን ዝርዝር ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ፤ ከክሉዡ መርሐ ግብር ጋር አስተያይቼ በሳምንት ውስጥ እመልስልሻለሁ። እናትሽና ወንድሞችሽ ሰላም ብለውሻል።

አባትሽ