አረፋም ድምፅ አለው

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ባሕር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። አረፋ የመሣሪያ ጠላት ነው ብላችሁ ማለፋችሁ ግን ከነከነኝ። አሥራ አንድ ዓመት የጭነት መርከብ ላይ ሠርቻለሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

ማስቸገሩስ እርግጥ ነው። በሐምሌ የዐረብ ባሕር ሲናወጥ ከመርከባችን ሥር አረፋ ይገባና በድምፅ የሚሠራው የጥልቀት መለኪያ ስክሪን ይዘበራረቃል። ካፒቴናችን «ዛሬ ደንቁሯል» ይል ነበር።

ተመራማሪዎች ግን ይህንኑ ጣጣ ይፈልጉታል። ሶናር የተባለውን፣ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚያዳምጥ መሣሪያ ከባሕሩ ሥር መሬቱ ላይ አስቀምጠው ወደ ላይ ያዞሩታል። የላኩት ድምፅ አረፋው ላይ ነጥሮ ሲመለስ፣ ማዕበሉ ሲሰበር አየሩን ስንት ሜትር ይዞት እንደወረደ ያሳያል።

የአረፋውን መጠንም ከድምፁ ያውቁታል። ሚናርት የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ አረፋ እንደ ደወል የራሱ ቃና አለው። ከመሀሉ እስከ ጠርዙ 1 ሚሊ ሜትር የሆነው በሰከንድ 3,000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ትልቁ ወፍራም፣ ትንሹ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ብርጭቆ ውስጥ ውኃ ስትቀዱ የምትሰሙት ኩልልታም ይኸው የአረፋ ድምፅ ነው።

ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን የሚውጠው ውቅያኖስ ነው፤ ጋዝ ወደ ውኃው ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ አረፋ ነው። በዚያ ማዕበል ወጥቶ በእጅ የሚለካ የለም። እኛ እንኳ ቡናችን ስኒ ውስጥ አልቆም ብሎን ነበር።

የቀድሞ መርከበኛ፣ ከአዳማ