ይድረስ ለአባቴ፦ ስለ ጃፓናዊው ሹፌር

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጉልበትዎ ሕመም በብርዱ እንደ ባሰብዎት እኅቴ ነግራኛለችና የታዘዘልዎትን መድኃኒት እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ።

ባለፈው የላክሁልዎትን ቪዲዮ አይተው፣ «ይሄማ ሹፌር አይደለም፤ ሹፌር ማለት ጭነቱን በሰላም አግብቶ ቁልፉን የሚያስረክብ ነው» ብለውኛል። በስልክ ልመልስልዎ አልደፈርሁም። ወደቡ እስኪቋረጥ ድረስ በኤንትሬ ከነተሳቢው አሰብ ሲመላለስ የኖረ ሰው ስለ መንዳት ሲፈርድ ልጅ ዝም ማለት ይገባዋል። ነገር ግን ያዩት ቪዲዮ የመኪና እሽቅድድም ተወዳዳሪውን የታኩማ ሳቶን አንዲት ዙር ብቻ የሚያሳይ ስለሆነ፣ ፍርዱን ከማጽናትዎ በፊት ሰውየው እዚያች ዙር ላይ የደረሰበትን መንገድ ቢያውቁልኝ ብዬ ይህን ጻፍሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሳቶ በ1977 ቶኪዮ ውስጥ ተወለደ። በአሥር ዓመቱ ሱዙካ በሚባለው የጃፓን ሜዳ የፎርሙላ ዋንን፣ የመኪና እሽቅድድም ትልቁን የዓለም ደረጃ፣ ውድድር ተመልክቶ ልቡ እዚያው ቀረ፤ ሆኖም በወጣትነቱ የተወዳደረው በብስክሌት ነበር። በዚህ ሙያ ስም ያላቸው አብዛኞቹ ገና በሕፃንነታቸው ካርት በምትባለው ትንሽ መኪና ላይ የሚቀመጡ ሲሆኑ፣ እርሱ ግን ሱዙካ ወዳለው የእሽቅድድም ትምህርት ቤት የመጣው ሃያ ዓመት ሲሞላው ነው። መራጮቹ የልምዱን ማነስ በወረቀት ብቻ አይተው እንዳይጥሉት ፊታቸው ቀርቦ እንዲያስረዳ ጠየቀ፤ ፈቀዱለትም። እርስዎ በዐሥራ አምስት ዓመትዎ በረዳትነት መኪና ላይ እንደ ወጡ ነግረውኛልና፣ ሃያ ዓመት ምን ያህል መዘግየት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በ2001 ከፎርሙላ ዋን በታች በሆነው በብሪታንያ ፎርሙላ ሦስት ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት የማካኦንም ውድድር አሸነፈ።

በ2002 ጆርዳን በሚባለው ቡድን ፎርሙላ ዋን ገባ። በኦስትሪያ የኒክ ሃይድፌልድ መኪና ፍሬን ላይ ሳለች ከቁጥጥር ወጥታ፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች መጥታ ጎኑን ስትወጋው በሕይወት መትረፉ ራሱ የሚያስገርም ነበር፤ ይህ አደጋ በእርሱ ጥፋት አለመሆኑን በተለይ እንዲመዘግቡልኝ እፈልጋለሁ። ዓመቱን የዘጋው በሱዙካ፣ በአገሩ ሰዎች ፊት፣ አምስተኛ ወጥቶ ነው። ከሁሉ የተሻለው ዓመቱ 2004 ሲሆን፣ እኔ በምኖርባት በኢንዲያናፖሊስ በተደረገው የአሜሪካ ውድድር ሦስተኛ ሆኖ መድረክ ላይ ቆመ። ከእርሱ በፊት በፎርሙላ ዋን ለዚህ የበቃ ጃፓናዊ በ1990 አጉሪ ሱዙኪ ብቻ ነበር።

የእርስዎን ክስ የሚደግፍ ማስረጃም አልደብቅም። በዚያው በ2004 ጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ ላይ ሁለተኛነት ለማግኘት የፌራሪውን ሹፌር ባሪኬሎን በኩርባ ውስጥ ደርቦ ሊያልፍ ሲል የፊት ክንፉን ሰበረ፤ ጥቂት ቆይቶም ሞተሩ ነደደበት። ትዕግሥት ቢኖረው ኖሮ የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በኋላ አጉሪ ሱዙኪ ራሱ ወዳቋቋመው ሱፐር አጉሪ ወደሚባል ደኻ ቡድን ሄደ፤ ቡድኑ ሥራ የጀመረው አራት ዓመት ያለፈበትን የሌላ ቡድን መኪና አካል አድሶ ነበር። ሆኖም በ2007 በካናዳ፣ በትልቁ ቡድን በማክላረን መኪና ይነዳ የነበረውን የሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ፈርናንዶ አሎንሶን ቀድሞ ስድስተኛ ወጣ። እኔ ይህን የምቆጥረው ከብዙ ዋንጫ በላይ ነው። በ2008 የቡድኑ ገንዘብ አለቀ፤ ሳቶም መኪና አልባ ሆነ።

በ2010 ኢንዲካር ወደሚባለው የአሜሪካ የእሽቅድድም ሊግ መጣ፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። እዚህ ያለው ትልቁ ውድድር ኢንዲያናፖሊስ 500 ነው፤ አራት ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ሜዳ ሁለት መቶ ጊዜ ይዞሩታል። ርቀቱ ሲደመር ከአዲስ አበባ አሰብ ከሚወስደው መንገድ ብዙም አያንስም፤ እነርሱ ግን በሦስት ሰዓት ገደማ ይጨርሱታል። እርስዎ በጣርማ በር ጭጋግ ብቻ ስንት ሰዓት እንደ ጠፋብዎት አስታውሼ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ያዩት ቪዲዮ የ2012ቱ የመጨረሻ ዙር ነው። እኔ ያን ቀን በመጀመሪያው ኩርባ አካባቢ ከተመልካቾች መካከል ነበርሁ። ሳቶ ሁለተኛ ሆኖ መሪውን ዳሪዮ ፍራንኪቲን ተጠግቶ መጣና ውስጡን ያዘ፤ የግራ ጎማዎቹ የሜዳውን ውስጠኛ ጠርዝ የሚያሳየውን ነጭ መስመር ሲያልፉ መኪናዋ ዞረችበትና ግድግዳውን መታች፤ ፍራንኪቲ አሸነፈ፤ ሳቶ ዐሥራ ሰባተኛ ተባለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ወደ ቤቴ ስመለስ «ምነው ሁለተኛነቱን ይዞ ቢገባ» ብያለሁ። እርሱ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሎንግ ቢች ላይ አሸንፎ፣ የኢንዲካር ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆነ።

በግንቦት 2017 ወደዚያው ሜዳ ሲመለስ አርባ ዓመት ሞልቶታል። ያው ሳቶ በካናዳ ቀድሞት የነበረው አሎንሶ በዚህ ውድድር የቡድን ባልደረባው ነበር፤ ሞተሩ ሳይጨርስ ተበላሸበት። ሳቶ አምስት ዙር ሲቀረው ሦስት ጊዜ አሸናፊ የነበረውን ኤሊዮ ካስትሮኔቬስን ቀደመና፣ ያ ሰው እየተጠጋ ቢያስጨንቀውም መስመሩን ሳይለቅ በ0.2011 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። በእኔ ግምት በአምስት ዓመት ውስጥ የተለወጠው ሰዓቱ ነው፤ በ2012 ለመጨረሻዋ ዙር ያስቀረውን አደጋ በ2017 ቀደም ብሎ ከፈለና የቀረውን ዙር ለመከላከል አዋለው። ይህን ውድድር ያሸነፈ ከእስያ የመጣ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም። አሸናፊው የሚጠጣው ወተት መሆኑን ስነግርዎት ስቀውብኝ ነበር፤ በ1936 አሸናፊው ሉዊስ ሜየር የጠጣው ግን አሬራ እንደሆነ ቢሰሙ ውድድሩን ይበልጥ ያከብሩት ይመስለኛል።

በ2020 በአርባ ሦስት ዓመቱ ደገመው። በወረርሽኙ ምክንያት ተመልካች አልተፈቀደምና በዚያ ሁሉ ባዶ ወንበር ፊት ስኮት ዲክሰንን አስከትሎ ገባ። እኔም ከተማው ውስጥ እያለሁ በቴሌቪዥን ለማየት ተገድጃለሁ።

እንግዲህ አባቴ፣ ጭነቱን ሁለት ጊዜ ያስረከበ ሰው ነው። ስለ 2012ቱ ግን እስካሁን አልቆረጥሁም፤ ፍራንኪቲ ቦታ ነፈገው የሚሉ አሉ፣ ሳቶ የሌለ ቦታ ገባ የሚሉም አሉ። የእኅቴ ልጅ ቪዲዮውን አዝግሞ እንዲያሳይዎት ነግሬዋለሁ። መኪኖቹ ወደ ኩርባው ሲገቡ ከነጩ መስመር በላይ ያለውን ክፍተት ይመልከቱልኝ፤ ለአንድ መኪና ይበቃ ነበር ወይስ አይበቃም? እሑድ ስደውል ይነግሩኛል።

ልጅዎ፣ ከኢንዲያናፖሊስ