ድባቴ በመስታወት ነርቭ አይለካም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

«የመስታወት ነርቭ» የሚለው ስም ያምራል፤ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ስሙ ጆሮ ስለሚይዝ፣ ጭንቀት ወይም ድባቴ ያደረበት ሰው ሁሉ የሌላውን ስሜት የሚያንጸባርቅለት የአንጎል ክፍል ደክሞ ነው ይባላል። ከዚያ ቤተሰብ «ጭንቅላቱ ይታይልን» እያለ ለኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ራስ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ለሚለካው) እና ለኤምአርአይ (አንጎልን በማግኔት ለሚያነሣው) ገንዘብ ያወጣል። ስለዚህ ጉዳይ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ እንድትጠይቁ እንፈልጋለን፤ ልኬቱ ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው?

ነገሩ የመጣው ከጣሊያን፣ ከፓርማ ከተማ ነው። የጃኮሞ ሪዞላቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጥናት፣ ጦጣዋ ራሷ ዕቃ ስታነሳም ሰው ሲያነሳ ስታይም የሚነቁ ሴሎች መኖራቸውን ገለጸ። «መስታወት» የሚለው ስም የወጣላቸው በ1996 ነው። እዚያ የተለካው እያንዳንዱ ሴል ለብቻው፣ አንጎል ውስጥ በገባ ቀጭን ሽቦ ነበር። በሰው ላይ እንዲህ ያለ ዕድል የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ በ2010 የታተመው የሎስ አንጀለስ ጥናት የተሠራው ለሚጥል በሽታ ሕክምና ሽቦ በገባላቸው 21 ሕሙማን ላይ ነው። ድባቴን በተመለከተ የምንሰማው ግን በአብዛኛው ከራስ ቅል ውጭ ከተወሰደ ልኬት ነው። ለዚህ ዓይነት ጥናት የሚውለው ኤምአርአይ (ኤፍኤምአርአይ) የነርቭን ሥራ በቀጥታ አያይም፤ ነርቭ ሲሠራ የሚከተለውን የደም ኦክስጅን ለውጥ ነው የሚያየው፣ ያውም እጅግ ብዙ ሴሎችን ባንድ ነጥብ ጨፍልቆ።

በኢኢጂ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የሚለካው «ሙ» የተባለው ሞገድ ነው። በሴኮንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ ይመታል፤ የሚገኘውም እጅና እግርን ከሚያዘው የአንጎል ክፍል በላይ፣ በጆሮና በአናት መካከል በግራና በቀኝ በሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች ነው። ሰውየው ሲንቀሳቀስ ወይም ሌላው ሲንቀሳቀስ ሲያይ ሞገዱ ይቀንሳል። ተመራማሪው በማየት ጊዜ የተለካውን የሞገዱን ኃይል ለመነሻው (ቪዲዮው ሳይጀመር ለተለካው) ያካፍልና ሎጋሪዝሙን ይወስዳል፤ ውጤቱ ከዜሮ ባነሰ ቁጥር «መስታወቱ ሠርቷል» ይባላል።

ስህተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል በመነሻው 10 የነበረው ኃይል ሰውየው ቪዲዮ ሲያይ ወደ 8 ቢወርድ፣ ቅናሽ አለ እንላለን። የተጨነቀ ሰው ግን ገና ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጡንቻው ተወጥሮ፣ ዓይኑ እየተንከራተተ ስለሆነ መነሻው ራሱ 8 ሊሆን ይችላል። ቪዲዮውን ሲያይም 8 ነው። ስሌቱ ዜሮ ይመጣና «የመስታወት ነርቩ አይሠራም» ተብሎ ይጻፍለታል፤ የተለየው ግን መነሻው ብቻ ነው። በዚህ ላይ ከኋላ፣ ከማየት ክፍል የሚወጣው አልፋ ሞገድ ከሙ ጋር አንድ ዓይነት ፍጥነት አለው። ሰው ቪዲዮውን ትኩር ብሎ ሲያይ አልፋ ይቀንሳል፤ ሐሳቡ ሲሸሽ ይጨምራል። ሐሳብ መሰብሰብ ማቃት ደግሞ ከድባቴ ምልክቶች አንዱ ነው። በ2016 ሆብሰንና ቢሾፕ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህንኑ የመነሻና የአልፋ ችግር አንሥተው የሙ ልኬት ምን ያህል እንደሚታመን ጠይቀዋል።

የአገራችን ነገር ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። ሹሩባ የተሠራ ወይም ቅቤ የተቀባ ፀጉር ኤሌክትሮዱ ቆዳ እንዳይነካ ያደርጋል፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚይዘው መቋቋም (ኢምፔዳንስ) ከ5 ኪሎ ኦም በታች እስኪወርድ ድረስ ፀጉሩ መታጠብና መገለጥ አለበት። ጠዋት ሦስት ስኒ ቡና ጠጥቶ የመጣ ሰው አልፋው ይቀንሳል። ዳያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፈጣን ሞገዱ ይበዛል። ጥርሱን የነከሰ ሰው የመንጋጋውን ጡንቻ እንጂ አንጎሉን አናነብም። ከመሬት ጋር በሽቦ በደንብ ያልተያያዘ መሣሪያ የመብራቱን 50 ኸርትዝ ይመዘግባል።

ልምድም ልኬቱን ይለውጠዋል። በ2005 ለንደን ላይ የባሌት (የአውሮፓ የመድረክ ዳንስ) እና የካፖይራ (የብራዚል የትግል ጭፈራ) ዳንሰኞች ሲመረመሩ፣ አንጎላቸው ይበልጥ የነቃው ራሳቸው የሚችሉትን ዳንስ ሲያዩ ነበር። እኛም እንደዚሁ እስክስታ ወራጁን ከማይችለው፣ በጣና ላይ የደንገል ታንኳ ከሚቀዝፈው ጋር ቀዘፋ አይቶ የማያውቀውን ብናወዳድር ልዩነት ብናይ አይገርምም። ለወራት ከሥራና ከሰው ርቆ ቤቱ የተቀመጠ ሰውም ከሚያየው ነገር ብዙውን መሥራት ትቷል። ልዩነት ቢገኝበት የበሽታው መንስኤ ነው ወይስ ውጤት? በጥቂት ሰዎች ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ይህን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ለአንባቢ የሚበጀው ርካሹ መንገድ፣ በወረቀት የሚሞላው መጠይቅ ነው። የድባቴ መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፣ ድምሩ 27 ነው። የጭንቀቱ ሰባት ጥያቄና 21 ነጥብ አለው። ከሁለቱ በአንዱም ቢሆን 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ወረቀቱ ብቻውን በሽታ አይሰይምም፤ ታይሮይድና የደም ማነስ ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው ሐኪሙ እነሱንም ያያል፤ ከዚህ በፊት ያለ ልክ የመነቃቃት ጊዜ እንደነበረም ይጠይቃል። ደግሞ የእኛ ሰው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ስለሚይዘው «ከፍቶኛል» አይልም፤ «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤን ያፍነኛል» ነው የሚለው።

መድኃኒት ከታዘዘም፣ ለምሳሌ ፍሉክሶቲን ብዙ ጊዜ በ20 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ማቅለሽለሹ ግን ቀድሞ ይመጣል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት የሚያቋርጠው ለዚህ ነው። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም ኪኒኑን ማቆም የለበትም። ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል።

ከአንጎል ሥዕል ይልቅ እነዚያን ዘጠኝ ጥያቄዎች በአማርኛ በአንድ ገጽ ብታትሙልን እንወድዳለን። ዘጠነኛው ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው፤ እሱን ከ0 በላይ የመለሰ ሰው ድምሩ ምንም ያህል ቢያንስ በዚያው ቀን ባለሙያ ሊያየው፣ እስከዚያም ብቻውን ሊተው እንደማይገባ ከሥሩ በጉልህ ፊደል ይጻፍልን።

ከአክብሮት ጋር፣
በአእምሮ ጤና ሙያ ላይ ያለን፣ ከባሕር ዳር