ውኃው በ92 ዲግሪ ፈላ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ መቁጠሩን ትተን ወደ ወሬው ልግባ።

መሀል ከተማ የነበረኝን ሥራ ትቼ ከለገጣፎ ወዲያ ያለ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ግቢው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ላይ ያተኮረ ነው፤ ቤተ ሙከራ፣ የኤሌክትሮኒክስና የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለው። መንገዱን አታንሳብኝ፤ ሁለት ታክሲ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ጫማ ያስቀራል።

እማዬ ስትሰማ ደመወዙን እንኳ ሳትጠይቅ «ጾም ያስገድፉሃል እንዴ?» አለችኝ። ቅዳሴያቸው እንደኛው በግዕዝ ነው ብላት አላመነችም። ተማሪው አብዛኛው ካቶሊክ አይደለም፤ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው አንድ ዴስክ ይጋራል። ረቡዕና ዓርብ ካፌው ሽሮና ምስር ነው።

አንዱን ቀን ላጫውትህ። ዘጠነኞችን ውኃ አፍልታችሁ ሙቀቱን መዝግቡ አልኳቸው። ውኃው ይንተከተካል፣ የቴርሞሜትሩ ቀይ መስመር ግን 92 አካባቢ ደርሶ ንቅንቅ አልል አለ። አንዷ «ቲቸር፣ ይሄ ተበላሽቷል» ብላ ሌላ አመጣች፤ ያም እዚያው ቆመ። ከኋላ ያሉት ለካ ሳይለኩ 100 ብለው ጽፈው ጨርሰዋል፤ መጽሐፉ ላይ ያለው እሱ ነዋ! ዝም ብዬ አየኋቸው። ክርክሩ ሲደራ፣ እናቱ መተሐራ ያደገች አንድ ልጅ «እማዬ እዚህ ባቄላ አልበስል ይለኛል፣ እኛ አገር ቶሎ ነበር የሚበስለው ትላለች» አለ። ከዚያ ወዲያ የእኔ ሥራ ቀለለ። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውኃው 100 ሳይደርስ ይፈላል፤ ንፍሮውም በዚያው ልክ ይዘገያል። እኔና አንተ አራት ኪሎ ድረስ ተምረን ይህን ያወቅነው በቀመር ብቻ ነበር።

አራት ኪሎን ካነሳሁ አይቀር፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ፕሬዝዳንቱ ካናዳዊው የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሉሲየን ማት ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መርተዋል። ለእማዬ «ልጅሽ የተማረበትም ቤት የእነሱ እጅ አለበት» ብያታለሁ። አሁን ትንሽ ለዘብ ብላለች።

ሁሉ አልጋ በአልጋ ነው አልልህም። መብራት ሲጠፋ የብረት መቅረጫው ማሽን፣ ቶርኖው፣ ይቆማል፣ ኬሚካል በምንዛሪ ሰበብ ይወደዳል። ይበልጥ የሚያደክመኝ ግን ወላጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ሁሉም ሰው ጥያቄ ማሠራት ብቻ ይፈልጋል። አንድ አባት «ልጄን ብረት እንድትቆርጥ አይደለም የላክኋት» ብሎ ቢሮ ድረስ መጣ። ልጅቷ ያን ሰዓት ቶርኖው ላይ ነበረች። 20 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበትን ዘንግ በካሊፐር ስትለካው 19.6 ሆኖባት፣ ብረቱን ጥላ ከአዲስ ጀመረች። የአስርዮሽ ነጥብ ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የገባው ተማሪ ክፍሌ ውስጥ የለም። አባትየውን ወስጄ አሳየሁት፤ አመነኝ አልልህም፣ ግን አላስወጣትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፑ ሰው አጥቷል፤ የነበረው መምህር የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄደ። የዶርሙን ሬዲዮ ሁሉ እየፈታህ ትገጥም የነበርከው አንተ ትዝ አልከኝ። ክፍያው አያኮራም፣ ቀድሜ ልንገርህ። ቋሚ ሥራህን ልቀቅ አልልህም፤ ለክረምቱ ኮርስ ብቻ ና፣ ማደሪያ እኔ ቤት አለ። ያ የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያሳየው አሮጌ ኦሲሎስኮፕህ አሁንም የሚሠራ ከሆነ ይዘኸው ና፤ እዚህ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ ልጆቹ እየተጋፉበት ነው። ስልኬ ያው የድሮው ነው፤ ዳይሬክተሩ ማስታወቂያ ከማውጣቱ በፊት ደውልልኝ።

ወንድምህ