ማንም ሳይቀምሰው ለደረሰው ዶሮ ወጥ፦ ለቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቼ የምስጋና መልእክት

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።

የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ማዕድ እንደቀረበ፣ ታላቅ ወንድሜ የመጀመሪያውን ጉርሻ ውጦ ቀና አለና «ወጡን ማን ነው የሠራው?» አለኝ። ቀኝ እጄ በጀሶ ታስሮ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እኔ እንዳልሠራሁት ያያል። ስም ልጠራለት አፌን ከፈትሁ፤ የማንን አስቀድሜ የማንን እንደማስከትል ግን ጠፋኝ። «ጎረቤቶቼ» ብዬ አለፍሁ። ያቺ አጭር መልስ ስትከነክነኝ ሰነበተች። ስማችን አይጠራ ብላችሁ አደራ ስላላችሁኝ አልጠራም። ያደረጋችሁትን ግን ሳልናገር አልቀርም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፦ እናታችን ያረፈችው ባለፈው ነሐሴ ነው። አምስት ልጆቿ ያለ እሷ የምንውለው የመጀመሪያው ፋሲካ እኔ ቤት እንዲሆን ተስማማን። ከአዳማ፣ ከደብረ ብርሃንና ከከተማው ማዶ ከነልጆቻቸው ሲመጡ 23 ሰው ይሆናሉ። የእናታችንን ዶሮ ወጥ እንድሠራ ለእኔ ተሰጠኝ። በርበሬውን ካስፈጨሁ፣ ቅቤውን አንጥሬ ካስቀመጥሁ ቆይቻለሁ። በሕማማት ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዐሥር ኪሎ ሽንኩርት ተሸክሜ ወደ አራተኛ ፎቅ ስወጣ እርጥቡ ደረጃ አንሸራተተኝ። እጄ አንጓው ላይ ተሰበረ። ሽንኩርቱ ደረጃ በደረጃ እየተንከባለለ ምድር ቤት ደረሰ። ከሐኪም ቤት ስመለስ የሕንፃችን ልጆች አንድ በአንድ ለቅመው በዘንቢል ሞልተው በሬ ላይ አስቀምጠውት አገኘሁ። ልጆቼ፣ እደጉልኝ! ያን ቀን ያለቀስሁት በእጄ ሕመም ብቻ አይደለም።

ጀሶው ስድስት ሳምንት እንደሚቆይ ተነግሮኛል። እንግዶቹን ደውዬ ልመልስ ስልኩን ሳነሳ የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤቴ ገባች። ሳምንቱ ሕማማት ነውና አልሳመችኝም፣ ትከሻዬንም አልነካችም፤ በር ላይ ቆማ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ካለች በኋላ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «እንግዳ አይመለስም። እጅሽ እንጂ አፍሽ አልተሰበረም፤ አንቺ ተቀምጠሽ ትነግሪናለሽ፣ እኛ እንሠራለን» አለች። ሁሉ ነገር የተጀመረው በዚህች ቃል ነው።

ሐሙስ እማማ ከምድር ቤት ጉልባን ላኩልን፤ ስንዴውና ባቄላው የሚበቃውን ያህል በስሎ፣ በጨው ብቻ። ዓርብ ስቅለት ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ዋለ። ሽንኩርቱ ግን ዓርብ ካልተላጠ ቅዳሜ አይደርስም። ይህን ያሰበችው እንደ እህቴ የማያት ሙስሊሟ ጎረቤቴ ናት። ቁልፉን ከባለቤቴ ተቀብላ፣ ከልጇ ጋር እኔ ወጥ ቤት ተቀምጣ ዐሥሩንም ኪሎ ልጣ፣ አጥባ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና አቆየችን። ስንመለስ ዓይኗ ደም መስሏል። ከዚያ ወጥ አንዲት ጉርሻ እንደማትቀምስ እያወቀች ነው ይህን ያደረገችው። እህቴ፣ ይህንን እስክሞት አልረሳውም።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ የጋራ መገልገያው ሕንፃ በቢላዋ ድምፅ ተሞላ። ስድስት ሴቶች ሽንኩርት ሲያደቁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ሁሉም በየራሱ ይመታል፤ ቆይቶ አንድ ላይ ይገጥማል። እኔን ከድስቱ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ሁለት ትልልቅ የእድር ብረት ድስቶች እንጨት ላይ ተጣዱና ሽንኩርቱ ያለ ቅቤ፣ ያለ ዘይት፣ በገዛ ውሃው መቁላላት ጀመረ።

ከሁሉም በላይ ላመሰግናችሁ የምፈልገው ስለዚህ ነው። እያንዳንዳችሁ ዶሮ ወጥ ታውቃላችሁ፤ ከእኔም የበለጠ የምታውቁ አላችሁ። ግን አንዳችሁም «እኛ እንዲህ ነው የምናደርገው» አላላችሁኝም። «እናትሽ እዚህ ላይ ምን ያደርጉ ነበር?» እያላችሁ ጠየቃችሁኝ። እናቴ ዶሮውን በሎሚና በጨው እያሸች ውሃው ጥርት እስኪል ሰባት ጊዜ ታጥብ ነበር፤ አምስቱንም ዶሮ ሰባት ሰባት ጊዜ አጠባችሁ። በርበሬው ከገባ በኋላ አንድ ብርጭቆ ጠጅ ጠብ ታደርግ ነበር። የዶሮ ወጧ በሰፈሩ የተመሰከረላት የጎንደሯ ጎረቤቴ ጠጅ አስገብታ አታውቅም። ብርጭቆውን ይዛ ጥቂት ቆመች፣ አየችኝ፣ ከዚያ ጨመረችው። «የእናትሽ ወጥ ነው። የእኔን ለዳግም ትንሣኤ ትበያለሽ» አለችኝ።

አንድ ችግር ግን ነበረብን፤ የፋሲካን ዶሮ ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሁላችንም ጾመኞች ነን። የሃምሳ አምስቱ ቀን ጾም የመጨረሻዋ ዕለት ናት፤ ቅቤ ከገባ በኋላ ማንም ጣቱን አይልስም። ሙስሊሟ እህቴም አትቀምስልንም። 60 ብልት የገባበት ወጥ ሳይቀመስ ሊበስል ነው! እማማ በጆሯቸውና በአፍንጫቸው መሩን። ቁሌቱ ውሃ ሲኖረው የሚያሰማው ድምፅ ሌላ ነው፣ ውሃውን ጨርሶ ሊይዝ ሲል የሚያሰማው ሌላ ነው፤ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እየሰሙ «አሁን ጠብ አድርጊለት» ይላሉ። ጨው ላይ ስንደርስ እኔ ጨነቀኝ። የእናቴ ልክ የቀኝ መዳፏ ነበር፤ የእኔ ቀኝ መዳፍ ጀሶ ውስጥ ነው። የ14 ዓመቷ ልጄ መዳፏን ዘረጋችና ጨው አደረግሁበት። አየሁት። የልጄ መዳፍ ከእናቴ ያንሳል። «ትንሽ ጨምሪ» አልኋት፤ በሦስት ጣት ቆንጥራ ጨመረች። መከለሻውን ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ነሰነስነውና ክዳኑን ገጠምነው። የኮረሪማው ሽታ ደረጃውን ይዞ እስከ ቤቴ ድረስ ወጥቶ ነበር።

ሌሎቻችሁንም አልዘለልሁም። በዚያ ሳምንት ውሃ አልነበረምና በጀሪካን እየተሸከማችሁ አራት ፎቅ የወጣችሁ ወጣቶች፤ ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ሲጠፋ ሊጡን ወደ ጋራ ምድጃው አውርዳችሁ በእንጨት የጋገራችሁልኝ እናቶች፤ ድፎውን ለመጋገር ኮባ ከዘመዶቿ ያስመጣችው የጉራጌዋ እህቴ፤ ወንበርና ትሪ ያለ ክፍያ የሰጠን እድራችን፤ ሕመሜን በትዕግሥት ያስታገሱልኝ ሐኪምና ነርሶች፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጠዋት ጠዋት ከማሳቸው ጎመን አምጥተው በር ላይ የሚሸጡት እናትም አሉ። ቅዳሜ ጤዛው ያልረገፈ ጎመን አራት እስር ሰጡኝና፣ እጄን አይተው ገንዘቡን እምቢ አሉ። «ሲሻልሽ ትከፍይኛለሽ» ብለው ሄዱ። ከአይቡ ጋር የቀረበው ያ ጎመን ነው፤ የአዳማዋ እህቴ ከሥጋው ይልቅ እሱን ነበር ደግማ ደጋግማ ያነሳችው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴው ተፈጽሞ ወጣን። ቤቱ በቄጠማ ተጎዝጉዟል። እናቴ እንደምታደርገው መጀመሪያ ለሁሉም ተልባ ተቀዳ፤ ሆዳችን ሳይለሰልስ ሥጋ አታስነካንም ነበርና። ከዚያ ክዳኑ ተከፈተ። ቅቤው ከላይ ተንሳፎ፣ ወጡ ከሥሩ ጠቆር ብሎ ቀልቷል። ፈረሰኛውን ለታላቅ ወንድሜ አወጣሁለት፤ አባታችን ካረፈ ጀምሮ እናታችን ለእሱ ነበር የምታወጣው። ጎርሶ ዝም አለ። ከዚያ ነው «ማን ነው የሠራው?» ያለኝ። ጨውም አልጎደለም፣ አልበዛምም። ታናሽ እህቴ አንድ እንቁላል አንስታ፣ ወጡ እንዲገባው የተጫረበትን መስመር አየችና፣ ከመብላቷ በፊት አለቀሰች።

እሑድ ሙስሊሟ እህቴ ከባለቤቷና ከልጆቿ ጋር የራሷን ድስት ይዛ መጣች። ባለቤቷ ያረደውን ዶሮ በእናቴ አሠራር፣ ጠጁን ብቻ ትታ ሠርታው ነበር። እኛም ከእኛው እነሱም ከራሳቸው፣ አንድ ጠረጴዛ ከብበን በላን።

አሁን የቀረኝ ነገር ይህ ነው። እኔ ቤት የማን እንደሆኑ ያላወቅኋቸው ዕቃዎች አሉ፦ ሰማያዊ ክዳን ያለው ድስት፣ ሁለት ቢላዋ፣ እጀታው በገመድ የታሰረ ጭልፋ፣ አንድ ወንፊት። አጥቤ በር ሥር ደርድሬያቸዋለሁ። ሚያዝያ 19 ዳግም ትንሣኤ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል። የምታፈላው ልጄ ናት። መጥታችሁ ዕቃችሁን ውሰዱ፤ የጎንደሯ ጎረቤቴም ቃሏን እንዳትረሳ።